ሰማዩ እኛ ጋ አልተቀደደም

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ስምንት ዓመት ሞላት። እዚህ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ባለው ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። ምራቴ ፊኛዎቹን ከከረጢት እያወጣች ትነፋለች። አንዱ አምልጧት እግሬ ሥር ወደቀና አነሳሁት። የጎማና የዱቄት ሽታ አለው። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ በእጁ ይዞ ነው ቤት የገባው። በሳሙና ቢታጠብም አይለቀውም ነበር። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ሽታውን ግን ወዲያው ለየሁት። ፊኛውን ጭኔ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ልጅቷ ጨዋታዋን ትታ መጣች። "አማማ፣ አር ዩ ኦኬይ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ የኔ እናት፣ ሂጂ ተጫወቺ" አልኳት። ደህናም ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዕድሜ ሰጥቶኝ ልጄንም የልጄንም ልጅ በደህና አያለሁ። የወለድኳቸው ግን ሁለት ነበሩ።

ናይሮቢ ስንመጣ ለጥቂት ወራት ነው ብለን ነበር። ያኔ ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ኢስትሊ ውስጥ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየን። ውኃ የሚቀዳው ከምድር ቤት ካለ አንድ ቧንቧ ነው፤ ባልዲ ይዘን ደረጃውን በቀን አራት አምስት ጊዜ እንወጣዋለን። ከሥራችን የሀሊማ ሱቅ ነበር። ሀሊማ የሞያሌ ልጅ ናት፣ ጨርቅ ትነግዳለች፣ አማርኛዋ ቀልድ ብቻ ነበር። ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ከኢስትሊ ከተማ ድረስ አምስት ሽልንግ ነው። ዘፈኑ ከመኪናው ቀድሞ ይመጣል፤ የኮንጎ ጊታር ከሆነ ይህኛው ማታቱ ነው፣ ሌላ ዘፈን ከሆነ ያኛው ነው እያልን መስኮት ላይ ሆነን እንለይ ነበር። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ያበጠ ቀሚስ ይለብሳል። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ ከጊኮምባ ልባሽ ተራ የተገዛ። ዛሬ ያ ሰፈር ሁሉ የመስታወት ፎቅ ሆኗል። ባለፈው ልጄ ዳዊት በመኪና ሲያሳልፈኝ ቤታችን የነበረበትን ቦታ ልለየው አልቻልኩም።

ባለቤቴ አገር ቤት የአየር ጠባይ ትምህርት ተምሮ ነበር። ታዬ ነው ስሙ፣ እኔ ግን በልጃችን ስም የጸዳለ አባት ነበር የምለው። እዚህም ከጊዜ በኋላ በዚያው ሙያ ሥራ አገኘ። በየሳምንቱ ረቡዕ ፊኛ ወደ ሰማይ ይልካሉ። ፊኛው ነጭ ነው፣ ሲነፋ እኛ የምንኖርበትን ክፍል ያህላል። ከሥሩ በገመድ አንዲት ቀላል ሳጥን ትንጠለጠላለች። ሳጥኗ ውስጥ ትንሽ ፓምፕና ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ አየሩ በፈሳሹ ሲያልፍ ኦዞኑ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል። ኦዞን ከደመና በላይ በጣም ርቆ ያለ፣ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚያጣራልን አየር ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ እህል ሳይቀምስ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይለቁታል። እዚህ አገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ በዚያ እንኳ እንግድነት አልተሰማንም። ፊኛው መጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፣ ሳጥኗ በወረቀት ጃንጥላ ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ከማቻኮስ በኩል አንዲት አሮጊት ማሳቸው ላይ የወደቀችውን ሳጥን በቅርጫት ይዘው ጣቢያው ድረስ መጡ። ከላይ አቮካዶ ደርድረውባት ነበር። "ከሰማይ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም" አሏቸው አሉ። የጸዳለ አባት አቮካዶውን ይዞልን ገባ፣ እየሳቀ ሲያወራልን አመሸ።

ጸዳለ የተወለደች ቀን አዋላጇ ዝም አለች። ዝምታዋ አስደንግጦኝ ልጄ የሞተች መስሎኝ ነበር። ከዚያ አለቀሰች፤ ሲያሳዩኝ ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ እንደ በቆሎ ፀጉር። አልቢኖ ናት አሉኝ። ስሟን አባቷ ነው ያወጣው። በክትባቱ ቀን ነርሷ እጄን ይዛ "ይህቺን ልጅ ከፀሐይ ጠብቂያት፣ ዕድሜዋን ሁሉ" አለችኝ። ጠበቅኋት። ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ በሃያ ሽልንግ ገዛሁላት። ሀሊማ ጨርቅ እየመረጠችልኝ እጅጌው አንጓዋ ድረስ የሚደርስ ቀሚስ አሰፋሁላት። ውኃ ስንቀዳም፣ ሱቅ ስንወርድም፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ጥቁር ጃንጥላ ከላይዋ አይለይም። ሀሊማ ከሱቋ ደጃፍ ሆና "እናንተ ሰዎች ፀሐይን እንደ አማት ትሸሿታላችሁ!" ትለን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግን፣ ፈረንጅ ለማለት፣ "ምዙንጉ! ምዙንጉ!" እያሉ ይከተሏታል። እሷ አትመልስላቸውም። ዓይኗም ብርሃን አይችልም፣ አጥብባ ነው የምታየው፤ ትምህርት ቤት የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ብትለምነኝም ብታዝንም ባርኔጣውን አላወልቅላትም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በዚያ ዘመን ነው የሰማይ ቀዳዳ ወሬ የመጣው። ሬዲዮው ያወራል፣ ሰው ያወራል። ከፍሪጅና ከሚረጭ ሽቶ የሚወጣ ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ ያንን ጠባቂ አየር ቀዶታል፣ ፀሐይዋ ሰው ታቆስላለች ተባለ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ስንቀመጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሀሊማ እንኳ የብብት ሽቶዋን ጥላ "እኔ ነኝ እንዴ ሰማዩን የቀደድኩት?" ትል ነበር። እኔ በልቤ ሁለቱን ነገር አገናኘሁት። ነርሷ ከፀሐይ ጠብቂያት ያለችኝ ለካ በዚህ ቀዳዳ ምክንያት ነው አልኩ። ማንም እንደዚያ አላለኝም። ራሴ ነኝ ያልኩት።

አንድ ሰኞ ጸዳለ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባች። የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር አርብ ቀን ነው። መምህሯ ስትሮጥ አይተዋት መርጠዋታል። ሜዳው ላይ ያለችውን ነጭ መስመር ብቻ እያየች ከሁሉም ትፈጥናለች። ነገር ግን በባርኔጣና በረጅም ቀሚስ ማንም እንዲሮጥ አይፈቀድም።

"እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ" አለችኝ።

"አይሆንም።"

"ሌሎቹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ናቸው። ምን ሆኑ?"

"አንቺ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለችኝ። "በየቀኑ ይነግሩኛል።"

ይህንን ካለች በኋላ ማልቀሷን ተወች። እያለቀሰች ብትቀጥል እችለው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። ድንግል ሆይ፣ ቀዳዳው እኛ ጋ ካልደረሰ ለታቦትሽ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ።

ረቡዕ የጸዳለ አባት ፊኛውን ልኮ ሲገባ ምግብ አቀረብኩለት። ጎኑ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት።

"ያ ኦዞን የሚሉት እኛ ጋ ተቀዷል እንዴ?"

"ማን አለሽ?"

"ሰው ያወራል።"

ሳቀ። "ሰው! እኔ በየሳምንቱ እየላክሁ እየለካሁ፣ ሰው ይነግርሻል? ቀዳዳው ታች ደቡብ ዋልታ ነው፣ የበረዶው አገር። እኛ ጋ ምንም የለም። ዛሬ የለካነውም እንዳምናው ነው፣ እንደ ካቻምናው ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ወረቀቱን ላምጣልሽ?"

"አይ፣ ካልክ ይበቃኛል" አልኩት።

ለምን እንደጠየቅሁት አልነገርኩትም። እሱ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ብነግረው ቆይ አለቃዬን ልጠይቅ፣ ቆይ ሐኪም እናማክር ይል ነበር። ሩጫው ደግሞ አርብ ነው። ከዚያም በላይ ጸሎቴ ተሰምቶልኛል፤ ሰማዩ እኛ ጋ እንደ እናቶቻችን ጊዜ ደህና ነው። እንዲህ ብዬ ተደሰትኩ። ያን ዕለት እንደተደሰትኩት ያለ ደስታ በሕይወቴ ጥቂት ቀን ነው ያየሁት።

አርብ ባርኔጣዋን በእጄ አወለቅሁላት። በእጅጌ አልባ ካናቴራና በቁምጣ ቆመች፤ ክንዷ ያን ያህል ነጭ መሆኑን እኔ እናቷ እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የሮጡት። ሲጀምሩ ሜዳው ሁሉ "ምዙንጉ! ምዙንጉ!" እያለ ሳቀ። በሁለተኛው ዙር ሳቁ ቀነሰ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቷ ልጆች "ጸዳ! ጸዳ!" እያሉ ይጮኹ ነበር። ሁለተኛ ወጣች። ሮጣ መጥታ ስታቅፈኝ ሰውነቷ እንደ ጋለ ብረት ያቃጥላል። በማግስቱ ትከሻዋ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተላጠ። ቫዝሊን ቀባኋት። ፀሐይ ያልለመደ ቆዳ ነው፣ ይለምዳል አልኩ።

ስለቴን ከፈልኩ። ጃንጥላው ከመርካቶ በሰው ሻንጣ መጣ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ። በክብረ በዓሉ ዕለት ሳስገባ እልል ተባለ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ለጤና ነው ብቻ አልኩ። በዚያው ሳምንት የልጄን ጥቁር ጃንጥላ ለዝናብ ትሁንሽ ብዬ ለሀሊማ ሰጠኋት።

"ምነው፣ ከአማታችሁ ጋር ታረቃችሁ?" አለችኝ።

"ታረቅን" አልኳት።

የጸዳለ አባት አንድ ቀን ምሳ ላይ "ባርኔጣዋስ?" አለ። "ትልቅ ሆናለች እኮ" አልኩት። የልጆቹን አለባበስ ለኔ ነበር የሚተወው፤ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ስድስት ዓመት ሮጠች። ጓደኞች አገኘች። ኪስዋሂሊው ከአማርኛው ይልቅ ይፈጥንላት ነበር፤ ማታቱ ላይ ረዳቶቹን በነገር ታሸንፋቸዋለች። "አንቺ ምዙንጉ፣ ሂሳብ!" አንዱ ሲላት "ምዙንጉ ሁለት እጥፍ ነው የሚከፍለው፣ መልስ ስጠኝ" ብላ መኪናውን ሙሉ ታስቃለች። ቆዳዋ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፣ አንገቷ ሻከረ። ለመደ አልኩ። አሥራ ሰባት ሲሆናት ከጆሮዋ ኋላ አንዲት ቁስል ወጣች። የጆሮ ጌጥ ነው ያቆሰለኝ አለች። እኔም በጸበል አጠብኩላት፣ ቅባ ቅዱስ ቀባኋት፤ ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ፣ ቁስሏ አልደረቀችም።

ሐኪሙ ዘንድ ሦስታችን ገባን። ቁስሏን አየ፣ ክንዷን አየ፣ ከዚያ እኔንና አባቷን አየን። "እንዲህ ያለች ልጅ ባርኔጣ አታደርግም?" አለ። ጸዳለ ቀድማኝ "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እናቴ ለምናኛለች" አለችው። ስንወጣ ወደ ኋላ አስቀርቻት "ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኳት። "አንቺ ምን ልትዪ ነበር?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ባርኔጣውን የጣለችው እሷ እንደሆነች አምኖ ኖረ።

የቆዳ ካንሰሩን መጀመሪያ ቆርጠው ሲያወጡላት የአባቷ አለቃ የነበሩ ሽማግሌ ዳቦና ወተት ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ምዜ ሙቱኩ ነበር የምንላቸው። ሻይ እየጠጡ ልጅቷን ካጽናኑ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ ላልተማረ ሰው እንደሚያስረዱ ቀስ እያሉ ተናገሩ። "ማማ፣ እኛ እዚህ የምንለካው ተለውጧል አልተለወጠም የሚለውን ነው። ብዙም አልተለወጠም። ግን በምድር ወገብ ላይ ያ ጋሻ ከጥንትም ስስ ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፣ ከተማችን ደግሞ ከፍታ ላይ ናት። ቀዳዳ ኖረም አልኖረም እንደ እሷ ላሉ ልጆች የኛ ፀሐይ እሳት ናት።" የጸዳለ አባት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያውቀው ነበር። የጠየቅሁት ለልጄ መሆኑን ብነግረው ኖሮ ይህንኑ ይነግረኝ ነበር። የጠየቅሁትን መለሰልኝ፤ ማወቅ የነበረብኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ተነሥቼ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር አልጽፈውም። ሦስት ጊዜ ቆረጡላት፣ በጨረር ማሽንም ታከመች። የሞያሌዋ ሀሊማ ጨርቅ ቤቷን ዘግታ አብራኝ ታስታምም ነበር፤ እሷ በሃይማኖቷ እኔ በሃይማኖቴ እንጸልያለን። ጸዳለ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ሞተች። ቀብሯ ሰኞ ነበር። ረቡዕ አባቷ ሳይበላ ወጥቶ ፊኛውን ላከ። እንዴት ቻልክ ብለው ጠየቁት። "ካልተላከ የዚህ ሳምንት መዝገብ ባዶ ሆኖ ይቀራል" አላቸው።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ልጄ ዳዊት እንደሚነግረኝ ዓለም ሁሉ ተስማምቶ ያንን ጋዝ ተወ፤ ከላይ የተቀደደው ቀስ በቀስ እየጠገገ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ለመዳን ግን የልጅ ልጄ ትልቅ ሴት እስክትሆን ይፈጃል። ሰው እንዲህ ተስማምቶ ክፉ ነገር ሲተው በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም። ተመስገን አልኩ። ከዚህች ከተማ ከተላኩት ፊኛዎች የተሰበሰበው ቁጥርም ከሌላው ጋር ተደምሮ ለዚህ ጠቅሟል አለኝ፤ የአባቴ እጅ አለበት አለኝ። ይህም ደግ ነገር ነው። ላቪንግተን ባለው መድኃኒት ቤት የፀሐይ ቅባት አንድ መደርደሪያ ሙሉ ነው፤ በዚያ ዘመን ስሙን እንኳ አልሰማንም። እንደ ጸዳለ ያሉ ልጆች ባርኔጣ አድርገው፣ ተቀብተው ሲያልፉ መንገድ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። እናቶቻቸውን አመሰግናቸዋለሁ፣ በልቤ።

የጸዳለ አባት በኩላሊት ነው የሞተው። በመጨረሻው ሳምንት ቤት ነበር። ሦስት ቀን ምግብ እምቢ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቀኝ።"

"ጸዳለ የሮጠች ሰሞን፣ ረቡዕ ቀን። ስለ ሰማዩ ጠይቀሽኝ ነበር።"

"እንጃ፣ ረስቼዋለሁ።"

"እኔ አልረሳሁም። እኛ ጋ ምንም የለም አልኩሽ። ስቄብሽም ነበር።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ባርኔጣዋን ያወለቅሽላት በኔ ቃል ነው?"

ለካ እሱም ይዞት ኖሯል። ስንት ዓመት እንደያዘው አላውቅም። ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ቅዳሴ አስቀድሼ የመጣሁበት ነጠላ እንኳ ከትከሻዬ አልወረደም ነበር።

"አይደለም" አልኩት። "ሀሊማ ናት ጠይቂልኝ ያለችኝ። ሬዲዮው አስፈርቷት ነበር።"

"ሀሊማ?"

"አዎ። ጸዳለማ ራሷ ናት እምቢ ያለችኝ። ለምኛት ነበር። ሐኪሙ ፊት የነገረችህን ረሳኸው?"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ጣራውን እያየ ደጋግሞ አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "እስቲ ያን ሾርባ ስጪኝ" አለኝ። ቀና አድርጌ ደገፍኩት፣ በማንኪያ ሰጠሁት። ሳህኑን ጨረሰው። በአራተኛው ቀን አረፈ።

ከተዝካሩ በኋላ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥያቄውንም፣ ስለቱንም፣ ባርኔጣውንም፣ በሞተች ልጄ ላይ የተናገርኩትንም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። "ልጄ፣ ተጸጽተሻል?" አሉኝ። ስለ ባርኔጣው አዎ አልኩ፣ በየቀኑ። "ስለ ውሸቱስ?" አሉኝ። የጸዳለ አባት የጨረሰው የሾርባ ሳህን ትዝ አለኝ። ጠበቁኝ። እስከ ዛሬም በተገናኘን ቁጥር ይጠይቁኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ።